የአሮጌዋ ሃይሉክሴ ካምቢዮ፦ ይታደስ ወይስ ይለወጥ?

የ1995 ሞዴል የናፍጣ ሃይሉክሴ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስመልሳት መጮህ ከጀመረች ወራት አልፈው ነበር። ማርሽ ሳላስገባ ቆማም ታጓራለች፤ ፍሪሲዮን ስረግጥ ግን ድምፁ ጸጥ ይላል። እንዲህ ያለ ማጓራት በአብዛኛው የሚመጣው ከካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው።

ያገለገለ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ካምቢዮ አገኘሁ። ከውጭ ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ ውስጡን ግን ሳይፈታ ማን ያያል? መካኒኩ «ልጄ፣ መጀመሪያ የራስህን ዘይት አፍስሰን እንየው» አሉኝ። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ ጭቃ የመሰለ ግራጫ ብናኝ ተጣብቋል። በጣቴ አሸሁት፤ ምንም የሚቧጥጥ ነገር የለውም። የማርሽ ጥርስ ስባሪ ባገኝ ወይም የካምቢዮው ቤት ተሰንጥቆ ቢሆን ኖሮ ያገለገለውን ያለ ማመንታት እገዛ ነበር።

ስለዚህ የራሴን ለማደስ ወሰንኩ። ሲፈታ የማርሾቹ ጥርሶች ደህና ናቸው። የሦስተኛው ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስለው ክፍል) የነሐስ ቀለበት ግን ተበልቷል፤ አዲሱን አጠገቡ ስናስቀምጥ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ቀለበቶቹን በሙሉ፣ ኩሽኔታዎቹንና ዘይት እንዳይፈስ የሚይዙትን ጎማዎች ቀየርን። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር የፍሪሲዮን ዲስኩንም አብረን ለወጥን፤ ለእርሱ ብቻ ሲባል እንደገና ማውረድ ትልቅ ድካም ነው። ዘይቱንም ለነሐስ የሚስማማውን፣ ጂኤል-4 የሚባለውን የካምቢዮ ዘይት ሞላን።

በማግስቱ ከእንጦጦ ቁልቁል ስወርድ ሦስተኛው ያለ አንዳች ድምፅ ገባ።