ሊትርን በውኃ ጨዋታ

ለአዳማ ሙቀት ከውኃ የተሻለ መጫወቻ የለም። ባለ ግማሽ፣ ባለ 1 እና ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙሶች፣ ማንቆርቆሪያና ሳፋ አዘጋጁ። ጠርሙሶቹ ገና ሳይከፈቱ ውኃው የደረሰበትን በማርከር አስምሩ። ይህን መዝለል ጨዋታውን ያበላሸዋል፤ እስከ አፉ የተሞላ ጠርሙስ ከተጻፈበት ልክ ስለሚያልፍ ቁጥሩ አይገጥምም።

መጀመሪያ ልጆቹን አስገምቱ፦ «ትልቁን ለመሙላት ትንሹ ስንት ጊዜ ይገለበጣል?» ከዚያ እየቀዱ ይቁጠሩ፤ 4 ይሆናል። ቀጭንና ረጅም ዕቃ ብዙ የያዘ ይመስላቸዋል። አትከራከሯቸው፤ ያንኑ ውኃ ወደ ሰፊ ሳህን፣ መልሰውም ወደ ጠርሙሱ ይገልብጡት።

1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሙሉውን ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ በአንድ እጅ፣ 1 ኪሎ ስኳር በሌላው አስይዟቸው።

ሕፃናትን ከሳፋው ጋር ለአፍታም ብቻቸውን አትተዉ። የተረፈው ውኃ ለአትክልት ይሁን።