ኮሪዶራስን በድሬ ሙቀት ማኖር

ኮሪዶራስ በቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ የምትኖር የአምባዛ ዘመድ ናት። ትውልዷ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ ከጣት ብዙም አትበልጥም፣ ጢም አላት፣ ቀኑን ሙሉ ገንዳው ወለል ላይ ስትፈልግ ትውላለች። ብዙ ሰው "ቆሻሻ ትበላለች" ብሎ ይገዛታል። አቦ፣ ይሄ ይቅር! ትርፍራፊ አይበቃትም። ወደ ታች የሚሰምጥ የራሷን ምግብ ማታ የገንዳውን መብራት ስታጠፉ ጣሉላት። ብቻዋንም አታኑሯት፣ ቢያንስ 6 ሆነው ነው የሚረጋጉት።

ድሬ ላይ ትልቁ ፈተና ሙቀቱ ነው። ለአብዛኞቹ የሚስማማው ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሲሆን፣ ስተርባይ የምትባለዋ ግን 28ንም ትችላለች፤ ለድሬ እሷን ፈልጉ። ሐረር ያላችሁ፣ አየራችሁ ቀዝቀዝ ስለሚል ፓሌያተስ የምትባለዋ ዓይነት ትሆናችኋለች። ገንዳውን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁት። ሲብስ ክዳኑን አንሱና ዓሣዎቹ እንዳይዘሉ መረብ አልብሳችሁ ቬንትሌተር ወደ ውሃው አዙሩ፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱ በጥቂት ዲግሪ ይወርዳል፣ የጎደለውን ትሞላላችሁ። የሞቀ ውሃ ብዙ ኦክስጅን ስለማይዝ ኤር ፓምፕ (ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋ) የግድ ነው፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ካላችሁ ተገላገላችሁ። አልፎ አልፎ ላይ ወጥታ አየር ብትጎርስ አትደንግጡ፣ በአንጀቷ ትተነፍሳለች። ሁሉም ቶሎ ቶሎ ከወጡ ግን ውሃው ታፍኗል ማለት ነው።

አሁን ገንዳው ወለል ላይ ወደሚነጠፈው አሸዋ። ከደቻቱ ወንዝ ዘግኖ መጨመር ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ በጣታችሁ እሹት፤ የሚቧጥጥ ከሆነ ጢሟን ይጨርሰዋል፣ ጢሟ ከተበላ ደግሞ ምግብ ማግኘት ይቸግራታል። ቀጥሎ ትንሽ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከፈላ ኖራ አለው፣ ውሃውን ያከብደዋል፣ የኛ ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከሚቀረው ነጭ ቅርፊት እንደምታዩት ድሮም ከባድ ነው። ደቃቅና ለስላሳውን መርጣችሁ፣ ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡ።

የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪን ማጥፊያ ጨምሩበት። ዓሣ ከማስገባታችሁ በፊት ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ውሃ ማጣሪያው (ፊልተሩ) ውስጥ እንዲበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል፣ ይህን አታሳጥሩት። ከዚያ በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ቀይሩ። የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፣ ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ጭመቁት፣ አለበለዚያ ባክቴሪያዎቹን ትገድላላችሁ።

ስትይዟት በመረብ አይሁን። ክንፏ ላይ ያለው እሾህ ይጠላለፍና ትጎዳለች። ሰፋ ባለ ኩባያ ከነውሃው ቅዷት።