የሞንታርቦና የማይክ የድምፅ ግራፍ እንዴት ይነበባል?

ፒያሳ ወይም መርካቶ ሞንታርቦ ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ዋት ነው፤ «ይሄ አምስት መቶ ነው፣ ያኛው ሺህ!» ዕቃው ቤዙን እንዴት እንደሚያወጣና የዘፋኙን ድምፅ እንደሚያፍን ወይም እንደማያፍን የሚናገረው ግን ከመመሪያው ወረቀት ላይ ያለው ግራፍ ነው። ብዙ ሰው መስመሩ መጉበጥ አለመጉበጡን አይቶ ይፈርዳል። መጀመሪያ መታየት ያለባቸው በጎንና በሥር የተጻፉት ቁጥሮች ናቸው።

1. መለኪያዎቹን ይለዩ። አግድሙ ዘንግ ፍሪኩዌንሲ ነው፣ በኸርዝ፤ አንድ ኸርዝ በሰከንድ አንድ ንዝረት ነው። 2 ኪሎ ኸርዝ ማለት 2,000 ኸርዝ ነው። (ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲባል ሜጋ ኸርዝ ነው። እሱ የሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ እዚህ አይገባም።) ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል። ቋሚው ዘንግ የድምፁ መጠን ነው፣ በዴሲቤል።

2. አግድሙ ዘንግ ሎጋሪዝማዊ መሆኑን ያረጋግጡ። ከ100 እስከ 1,000 ያለው ርቀትና ከ1,000 እስከ 10,000 ያለው እኩል ከሆኑ፣ ነው። እንዲህ የሚሣለው ጆሯችን የድምፅን ቅጥነት የሚለካው በብዜት ስለሆነ ነው። ከ100 ወደ 200 መውጣትና ከ1,000 ወደ 2,000 መውጣት ለጆሮ አንድ ዓይነት እርምጃ፣ አንድ ኦክታቭ ናቸው። ዘንጉ በተራ ማስመሪያ ቢከፈል ኖሮ ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ያለው ክፍል፣ የቤዝ ጊታሩ ወፍራም ክር (41 ኸርዝ ገደማ) ያለበት ማለት ነው፣ ከጠቅላላው ስፋት አንድ በመቶ እንኳ አይደርሰውም ነበር።

3. በመስመሮቹ መካከል ማንበብ ይልመዱ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ100 ቀጥሎ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች 200፣ 300፣ 400 እያሉ ወደ ቀኝ እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። 1,000 ላይ ሲደርሱ ግን ቀጣዩ መስመር 1,100 ሳይሆን 2,000 ነው። መስመር ከሌለ ማስመሪያ ያውጡ። ከ100 እስከ 1,000 ያለው 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 200 ከ100 በ9 ሚሊ ሜትር ግድም፣ 500 በ21 ሚሊ ሜትር ይርቃል። እኩሌታው ላይ ያለው 550 ሳይሆን 316 ገደማ ነው።

4. ዴሲቤሉን ወደ ኃይል ይመልሱ። እዚህ ዜሮ ማለት ዝምታ አይደለም፤ ማነጻጸሪያ ነው። መስመሩ 3 ዴሲቤል ሲወርድ ኃይሉ በግማሽ ቀንሷል፤ 10 ሲወርድ አንድ አሥረኛው ቀርቷል። የሻጩን ዋትም በዚሁ ይመዝኑት። ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ በ500 እና በ1,000 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ ድምፁ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ለእኔ ይህን ማወቅ ብቻውን የብዙ ብር ቁም ነገር ነው።

5. የቋሚውን ዘንግ ስፋት ይዩ። ያው ስፒከር እያንዳንዱ መስመር 20 ዴሲቤል በሆነበት ወረቀት እንደ መስቀል አደባባይ የተስተካከለ፣ 2 ዴሲቤል በሆነበት ደግሞ እንደ እንጦጦ አቀበት የሚዋጣ ይመስላል። ሁለት ዕቃ ሲያወዳድሩ ሁለቱም ግራፎች በአንድ ልክ መሣላቸውን ሳያዩ አይወስኑ።

6. «ከ45 እስከ 18,000 ኸርዝ» ከሚል ጽሑፍ ጎን «ሲደመር ሲቀነስ 3 ዴሲቤል» (±3 dB) ዓይነት ገደብ ይፈልጉ፤ በዚያ ክልል መስመሩ ከማነጻጸሪያው ከ3 ዴሲቤል በላይ አይወጣም፣ አይወርድም ማለት ነው። ከሌለ ቁጥሩ ብዙም አይጠቅምም፤ 45 ኸርዝ ላይ ድምፁ በ10 ዴሲቤል ወርዶ ሊሆን ይችላል።

መስመሩ የወረደበት ሁሉ ግን ጉድለት አይደለም። ለንግግር የተሠራ ማይክ ከ100 ኸርዝ በታች ሆን ተብሎ ዝቅ ሊደረግ ይችላል፤ የእጅ ንኪኪና የነፋስ ጉምጉምታ እንዳይገባ። የድሮው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ብቻ እያሳለፈ ሰው ሲያግባባ ኖሯል። ሱቅ ውስጥ መመሪያው ከካርቶኑ ስለማይወጣ፣ የሞዴሉን ግራፍ ከአምራቹ ድረ ገጽ ቀድመው ስልክዎ ላይ አውርደው ይሂዱ።