ስለ መንፈሳዊ መንቃት የተቀዱ ውይይቶችን እንዴት እናዳምጥ?

ስለ መንፈሳዊ መንቃት፣ ማለትም ራስንና ሕይወትን በአዲስ ዓይን ስለ ማየት፣ የተቀዳ ወሬ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ከባዱ ማዳመጡ ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ታክሲ ውስጥ፣ ልብስ ሳጥብ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ብቻ ባገኘሁት ሰዓት ኢርፎን ሰክቼ እሰማ ነበር። በወሩ መጨረሻ እጄ ላይ የቀረው ሁለት የሚያማምር አባባል ነው፤ እሱንም ስቴተስ አደረግኩት።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ሰው ምረጡ። ከአምስት ሰው እየቃረማችሁ አትስሙ። የእኔ ምርጫ ሕንድ ውስጥ የተወለደው አሳቢ ጂዱ ክሪሽናሙርቲ ነው። በልጅነቱ የቲኦሶፊ ማኅበር (ከሃይማኖቶች ሁሉ በስተጀርባ አንድ ጥበብ አለ የሚል ማኅበር ነው) ሰዎች «መጪው የዓለም መምህር» ብለው አሳደጉት፣ ድርጅትም አቋቋሙለት፤ እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1929 ሆላንድ ውስጥ ኦመን በተባለ ቦታ፣ ተከታዮቹ በተሰበሰቡበት ድርጅቱን ራሱ አፈረሰው። «ንቃት» በኮርስ ለሚሸጥበት ዘመን ደህና መነሻ ይመስለኛል።

ለመጀመር እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ፣ ሳንዲዬጎ ላይ ከሃይማኖት ጥናት ፕሮፌሰሩ አለን አንደርሰን ጋር ያደረጋቸውን 18 ውይይቶች ያዙ። በነፃ ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ገደማ ናቸው። ምስሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያወሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም፤ ስለዚህ ጥራቱን 144 ላይ አውርዳችሁ ዳታችሁን ቆጥቡ። ከሥር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ክፈቱት፣ አነጋገሩ አንዳንዴ ያስቸግራል።

ፍጥነቱን አትጨምሩ። ዝም የሚሉባቸው ቦታዎች አሉ፣ እነሱ ተቆርጠው የሚጣሉ አይደሉም።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ከመምህሩ ይልቅ ጠያቂው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንደርሰን የተማረ ሰው ነው፤ ከሂንዱዎቹ ጊታም ከሌላም ቅዱስ መጽሐፍ እየጠቀሰ ይመጣል፣ ክሪሽናሙርቲ ደግሞ እነዚያን አላነበብኩም ብሎ ወደ ጥያቄው ይመልሰዋል። እዚያ ላይ ፖዝ አድርጉ። እናንተስ ያለ ጥቅስ ምን ትሉ ነበር? እኔ ይህን ሳደርግ ብዙ ጊዜ ባዶ እጄን ነው የምገኘው፣ ትንሽም ያሳፍራል፤ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው መልስ በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው።

ቃላቱንም በእሱ ትርጉም ያዙ። «ጊዜ» ሲል ብዙውን ጊዜ ሰዓት ማለቱ አይደለም። «ዛሬ ቁጡ ነኝ፣ ቀስ በቀስ ታጋሽ እሆናለሁ» የምንለውን ያንን ቀጠሮ ነው። ይህ ካልገባችሁ ግማሹ ውይይት ቅዠት ይመስላል።

በሃይማኖት ላይ የሚናገረው አማኝን ሊያስቆጣ ይችላል። ተቆጡ፣ ችግር የለውም። የከነከናችሁን ጽፋችሁ ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለምታምኑት ሰው አንሱት፤ ክሪሽናሙርቲም ቢሆን እሺ በሉኝ አላለም።

ሲያልቅ ቀጣዩን ወዲያው አትክፈቱ። በቀን አንድ ይበቃል፣ እንዲያውም በሁለት ቀን አንድ። 18ቱን ከጨረሳችሁ እ.ኤ.አ. በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦሃይ ላይ ክሪሽናሙርቲ ከፊዚክስ ሊቁ ዴቪድ ቦህም ጋር የጀመረው ውይይት አለ። የሰው ልጅ የሆነ ቦታ ላይ መንገድ ስቶ ይሆን ወይ በሚል ጥያቄ ነው የሚከፈተው፤ እዚያም መጀመሪያ ፖዝ።