ለስላሳው ቢወደድ ልጁ በምትኩ ምን ይገዛል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምራለሁ። እረፍት ሲደወል ከአጥሩ ውጪ ያለው ሱቅ በልጆች ይሞላል። ለስላሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ቺፕስ። ስለ ውፍረት በተሰበሰብን ቁጥር “ታክስ ይጨመር”፣ “ሱቁ ይዘጋ”፣ “ስፖርት ይብዛ” ይባላል። የቱ ይሻላል? ይህን የሚመዝን ሞዴል፣ ማለትም የእያንዳንዱን ሐሳብ ውጤት የሚገምት ስሌት፣ በኤክሴል እናንተም መሥራት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ አሁን ያለውን ቁጠሩ። ልጆቹ ለአንድ ሳምንት የገዙትን ስማቸውን ሳይጽፉ ይሙሉ። ረቡዕና ዓርብን ብቻ እንዳትወስዱ፤ ጾም ስለሆነ የሚበላው ሌላ ነው። ክብደትና ቁመት የምትለኩ ከሆነ አንድ በአንድ፣ በር ዘግታችሁ ይሁን። በሰልፍ መሀል የተመዘነች ልጅ ከዚያ በኋላ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ስትቀር አይቻለሁ። የአዋቂዎቹን 25 እና 30 የቢ.ኤም.አይ (ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ስኩዌር ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር) መስፈርት ተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት ያወጣው፣ በዕድሜና በፆታ የተለየ ሰንጠረዥ አለ።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ሐሳብ ወደ ኪሎ ካሎሪ ቀይሩ። 300 ሚሊ ሊትር ኮላ 32 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ወደ 130 ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው። በሳምንት አራት የሚጠጣ ልጅ 520 ያገኛል። በታክሱ ዋጋው 20 በመቶ ጨምሮ ግዢው በዚያው ልክ ከቀነሰ 104 ይቀነሳል። ይህ የኔ ግምት ነው፤ እናንተ ዝቅም ከፍም አድርጋችሁ ሞክሩት። ሜክሲኮ በ2014 እ.ኤ.አ. በለስላሳ ላይ በሊትር 1 ፔሶ ታክስ ስትጥል፣ በዚያው ዓመት ግዢው በአማካይ 6 በመቶ ገደማ ቀንሷል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ቀጣዩን ነው። ለስላሳውን የተወው ልጅ በምትኩ ምን ይገዛል? የኔዎቹን ስጠይቃቸው አብዛኞቹ “ቦምቦሊኖ” አሉኝ። ስለዚህ ሦስት መስመር ሥሩ፦ ምንም ካልተካ 104፣ ግማሹን ከተካ 52፣ ሙሉውን ከተካ ዜሮ። አንዱን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ ስብሰባ አትግቡ።

ስፖርትንም እንዲሁ። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አንድ ልጅ በትክክል የሚሮጠው 20 ደቂቃ እንደሆነ ሰዓት ይዤ አይቻለሁ። 50 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ያ 100 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢጨመር 200። ግን ኳሱ አንድ ነው፤ ግማሾቹ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ አጥር ስር ይቆማሉ። አማካዩ 100 ይሆናል። ሁለተኛ ኳስ መግዛትን እንደ አንድ አማራጭ ያስገባሁት ለዚህ ነው።

በመጨረሻ አንድ አምድ ጨምሩ። በዚያው ክፍል ቁርስ ሳይቀምስ የሚመጣ ልጅ አለ። እርምጃው እሱን ይነካዋል? ለእሱ ያቺ ቦምቦሊኖ ቁርሱ ናት። “ሱቁ ይዘጋ” የሚለውን ከዝርዝሬ ያወጣሁት እዚህ አምድ ላይ ስደርስ ነው።