ሂሮስ 3፦ ጎራ ከጎራ ሲገጥም የክህሎት ምርጫና የፍልሚያ ስልት

ኒው ዎርልድ ኮምፒውቲንግ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ 3 የተባለው የኮምፒውተር የስትራቴጂ ጨዋታ ሲጀመር ስምንት ጎራዎች ነበሩት፤ በዚያው ዓመት የተከተለው አርማጌዶንስ ብሌድ የተባለው ማስፋፊያ ደግሞ ኮንፍለክስን ዘጠነኛ አድርጎ ጨመረ። እያንዳንዱ ጎራ ሰባት የተዋጊ ደረጃዎችና ሠራዊቱን የሚመሩ ሁለት ዓይነት ጀግኖች ስላሉት፣ ጀማሪ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ጎራ ይበረታል?» ብሎ ነው። የበለጠ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን «ይህ ጎራ ያንን ሲገጥም የመጀመሪያውን ድግምት የሚወረውረው ማን ነው?» የሚለው ሲሆን፣ ይህ መመሪያም የፍልሚያ ስልቱንና የክህሎት ምርጫውን ከዚሁ ጥያቄ ጋር እያያዘ ይመለከታል። የኮንፍለክስ ፊኒክስ ፍጥነቱ 21 በመሆኑ ለጥያቄው ብዙም ቦታ ስለማይተው፣ ከዚህ በኋላ በስምንቱ ነባር ጎራዎች ላይ ብቻ እንቆያለን።

ማን ይቀድማል?

በእያንዳንዱ ዙር ተዋጊዎች ተራ የሚያገኙት በፍጥነታቸው ቅደም ተከተል ነው። ጀግናው በአንድ ዙር አንድ ድግምት ብቻ መወርወር የሚችል ሲሆን፣ ይህንንም የሚያደርገው ከራሱ ጓዶች (አንድ ላይ ከሚንቀሳቀሱ የአንድ ዓይነት ተዋጊዎች ስብስቦች) የአንዱ ተራ ሲደርስ ነው። ስለሆነም ከጠላት ተዋጊዎች ሁሉ የሚፈጥን አንድ ጓድ ያለው ወገን፣ ያ ጓድ ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም እንኳ፣ ጠላቱ እግሩን ሳያነሳ ድግምቱን ይወረውራል። በጨዋታው ውስጥ የቁጥር ብልጫን ይህን ያህል የሚያካክስ ሌላ ነገር አላገኘሁም።

የስምንቱን ጎራዎች ፈጣን ተዋጊዎች በቃል መያዝ ተገቢ ነው። የካስል አርክኤንጀል 18፣ የኢንፈርኖ አርክዴቪል 17፣ የራምፓርት ጎልድ ድራጎን 16፣ የደንጀን ብላክ ድራጎን 15፣ የኔክሮፖሊስ ጎስት ድራጎን 14፣ የፎርትረስ ድራጎን ፍላይ 13 ፍጥነት አላቸው፤ ታወርና ስትሮንግሆልድ በቴታኑና በተንደርበርዱ 11 ላይ ይቆማሉ። ከዚህ ተርታ ትኩረት የሚሻው የፎርትረሱ ድራጎን ፍላይ ነው። ከተንደርበርዱ በቀር ሌሎቹ ፈጣኖች በሰባተኛው ደረጃ ላይ የሚገኙና ብዙ ወርቅ የሚጠይቁ ሲሆኑ፣ እሱ ግን ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያለ ርካሽ ተዋጊ በመሆኑ ገና በጨዋታው መጀመሪያ ሊገኝ ይችላል። በዚህም ምክንያት ቀርፋፋ ነው ተብሎ የሚታማው ፎርትረስ፣ የባላጋራው ድራጎኖችና መላእክት ከመገንባታቸው በፊት በሚደረግ ውጊያ፣ ድግምቱን የሚያስቀድመው እሱ ነው።

የመሬቱም ዓይነት ስሌቱን ይለውጣል። ተዋጊ በተወላጅ መሬቱ ላይ ሲዋጋ በፍጥነት፣ በማጥቃትና በመከላከል አንድ አንድ ነጥብ ይጨመርለታል። አርክዴቪል የተወላጅ መሬቱ በሆነው በላቫ ላይ ፍጥነቱ 18 ስለሚሆን ከአርክኤንጀል ጋር ይስተካከላል፤ ፍጥነት ሲስተካከል ደግሞ ቅድሚያውን የሚያገኘው ውጊያውን የከፈተው ወገን ነው። ኢንፈርኖ የያዘ ተጫዋች ካስልን በሣር ሜዳ ከመጠበቅ ይልቅ በላቫ ላይ ቀድሞ መግጠም የሚኖርበት ለዚህ ነው።

ስምንት ቦታ ብቻ

ጀግና በጨዋታው ከሚገኙት 28 ክህሎቶች ከስምንት በላይ ሊይዝ አይችልም፤ እያንዳንዱም መሠረታዊ፣ የላቀና የሊቅ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ጀግናው ደረጃ ባደገ ቁጥር ሁለት አማራጮች የሚቀርቡለት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ያለውን ክህሎት የሚያሻሽል፣ ሌላው አዲስ የሚጨምር ነው። ከሊቅ ደረጃ ያልደረሰ ክህሎት እስካለ ድረስ የማይፈለገውን አዲስ ክህሎት ገፍቶ ነባሩን ማሻሻል ይቻላል። ያሉት ሁሉ ሊቅ ከሆኑና ባዶ ቦታ ከቀረ ግን ሁለቱም አማራጮች አዲስ ስለሚሆኑ፣ ተጫዋቹ ከሁለት መጥፎዎች አንዱን ለመውሰድ ሊገደድ ይችላል። በመሆኑም ነባሮቹን በችኮላ ጨርሶ ቦታዎቹን ለአጋጣሚ መተው አይመከርም፤ ጥሩ አዲስ ክህሎት በቀረበ ጊዜ ማሻሻያውን ለሌላ ቀን አቆይቶ አዲሱን መያዝ ይበልጣል።

ከማንም ጋር ቢገጠም የሚያስፈልጉ ጥቂት ክህሎቶች አሉ። ሎጂስቲክስ ጀግናው በየብስ የሚጓዝበትን ርቀት በሦስቱ ደረጃዎች 10፣ 20 እና 30 በመቶ ይጨምራል፤ ቀድሞ ማዕድን የሚይዘውና ውጊያው የት እንደሚሆን የሚመርጠው ሩቅ የሚጓዘው ጀግና ነው። ኧርዝ ማጂክ ደግሞ ስሎው የተባለውን የማዘግያ ድግምት በሊቅ ደረጃ በጠላት ጓዶች ሁሉ ላይ በአንድ ጊዜ ያሳርፋል፤ ፍጥነታቸውንም በግማሽ ይቀንሳል። ስሎው የመጀመሪያ ደረጃ ድግምት ስለሆነ ዊዝደም የተባለውን ክህሎት አይጠይቅም። የአስማት ቤታቸው ከሦስተኛ ደረጃ በላይ የማያድገው ስትሮንግሆልድና ፎርትረስ እንኳ ይህን ጥቅም ሙሉ በሙሉ ሊያገኙት የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ዊዝደም የሚያስፈልገው ሦስተኛ ደረጃን በመሠረታዊ፣ አራተኛን በላቀ፣ አምስተኛን በሊቅ ለመማር ሲሆን፣ ለሁለቱ ጎራዎች ባላጋራ ከተማ እስኪማርኩ ድረስ ከመሠረታዊው በላይ ብዙ አይፈይድላቸውም። ለታወርና ለደንጀን ጠንቋዮች ግን ያለ እሱ መጫወት የማይታሰብ ነው።

ሌሎቹ በሠራዊቱ ይዘት ይመዘናሉ። አርቸሪ የተኳሾችን ጉዳት እስከ 50 በመቶ ስለሚያሳድግ፣ ማስተር ግሬምሊን፣ ሜጅና ቴታን ለሚያሰልፈው ታወር ቀዳሚ ምርጫ ነው፤ ከማጎግ በቀር ተኳሽ ለሌለው ኢንፈርኖ ግን ቦታ ማባከን ይሆናል። ኦፌንስ የእጅ በእጅ ጉዳትን እስከ 30 በመቶ ያሳድጋል፤ አርመረር የሚደርሰውን ጉዳት እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል፤ ሆኖም ይህ የሚሠራው በአካላዊ ጥቃት ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ባላጋራው በድግምት የሚገድል ጠንቋይ ከሆነ አርመረር አያድንም። ለርኒንግ፣ ሚስቲሲዝምና ፈርስት ኤይድ ለዋና ጀግና መሰጠት የለባቸውም። ጠላት የወረወረውን ድግምት ለመማር ዕድል የሚሰጠውን ኢግል አይ እኔ ራሴ በስሙ ተማርኬ ለብዙ ጨዋታዎች ወስጄዋለሁ፤ ያተረፈልኝ ግን የተያዘ ቦታ ብቻ ነበር።

ኔክሮፖሊስን መግጠም

ከሁሉም በላይ ዝግጅት የሚጠይቀው ባላጋራ ኔክሮፖሊስ ነው፤ ጊዜ በቆየ ቁጥር የሚያድገው ለእሱ ነውና። ኔክሮማንሲ የተባለው ክህሎት በእያንዳንዱ ድል ማግስት ከሞቱት ጠላቶች የአጽም ሠራዊት የሚያስነሳ ሲሆን፣ በሊቅ ደረጃ ድርሻው 30 በመቶ ይደርሳል። ጠላቱ ካርታውን ተዘዋውሮ ገለልተኛ ጓዶችን እስኪጨርስ የሚጠብቅ ተጫዋች በመጨረሻ የሚገጥመው ሊቆጠር የሚያታክት የአጽም ጎርፍ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ግጥሚያ ሎጂስቲክስ ከማንኛውም የውጊያ ክህሎት በፊት መምጣት ይኖርበታል፤ ቀድሞ ደርሶ መግጠም ራሱ የጠላትን ሠራዊት መቀነስ ነው።

አጽሞቹ ቀርፋፎች ናቸው። የተሻሻለው ስኬለተን ዋሪየር ፍጥነቱ 5 ብቻ ሲሆን፣ ሜዳው በወርዱ 15 ባለ ስድስት ጎን ቤቶች አሉት። በሊቅ ደረጃ የተወረወረ ስሎው በአንድ ዙር ሁለት ወይም ሦስት ቤት ብቻ እንዲራመዱ ያስገድዳቸዋል፤ በዚህ መካከል ተኳሾች ብዙ ዙር ያገኛሉ። ተኳሽ ሙሉ ጉዳት የሚያደርሰው እስከ 10 ቤት ባለው ርቀት ውስጥ ስለሆነና ከዚያ በላይ ግማሹ ስለሚቀር፣ በመጀመሪያው ዙር የቀረበውን ጓድ መምታት ይገባል። ብላይንድ የተባለው የማሳወሪያ ድግምት በሌሎች ጎራዎች ላይ እጅግ ጠቃሚ ቢሆንም፣ በሙታን ላይ ስለማይሠራ ዕቅድን በእሱ ላይ መመሥረት ስሕተት ነው።

እውነተኛው አደጋ ግን ቫምፓየር ሎርድ ነው። ያለ አጸፋ ይመታል፤ ባደረሰውም ጉዳት የሞቱ ጓደኞቹን መልሶ ያስነሳል። ይህ ችሎታው የሚሠራው ሕይወት ካላቸው ተዋጊዎች ላይ ብቻ በመሆኑ፣ ታወርን የያዘ ተጫዋች ጋርጎይሎቹንና ጎለሞቹን ከፊት አሰልፎ ቫምፓየሩ የሚጠጣውን ደም ሊከለክለው ይችላል። ሌሎች ጎራዎች ይህ መከለያ ስለሌላቸው ቫምፓየሩን በአንድ ዙር ውስጥ በተደራራቢ ምት መጨረስ አለባቸው፤ በከፊል የተመታ ቫምፓየር እንዳልተመታ ይቆጠራል። የሊች መርዛም ደመና በአጠገብ ለአጠገብ የቆሙ ሕያዋንን አንድ ላይ ስለሚጎዳ፣ ጓዶችን ተራርቀው እንዲቆሙ ማድረግም ያስፈልጋል።

ደንጀንና ታወር

ብላክ ድራጎን ማንኛውም ድግምት አይነካውም። ይህ ማለት ስሎው አያዘገየውም ማለት ብቻ ሳይሆን፣ የራሱም ጀግና ሊያፈጥነው አይችልም ማለት ነው። የደንጀን ተጫዋች ከዚህ ባሕርይ የሚያወጣው ታላቅ ጥቅም አርማጌዶን የተባለው አራተኛ ደረጃ የእሳት ድግምት ነው፤ ሜዳው ላይ ያለው ሁሉ ሲቃጠል ድራጎኖቹ ብቻ ሳይነኩ ይቆማሉ። ይህን የሚቋቋሙት እሳት የማይነካቸው የኢንፈርኖ ኤፍሪቶችና እስከ አራተኛ ደረጃ ያለ ድግምት የማይሠራባቸው ጎልድ ድራጎኖች ሲሆኑ፣ ሌላው ጎራ ያለው አማራጭ ድራጎኖቹ ከመሠራታቸው በፊት መድረስ ነው። በሜዳ ላይ ደግሞ የድራጎኑ እስትንፋስ ከተመታው ጓድ ኋላ ያለውን ቤት ጭምር ስለሚያቃጥል፣ ሁለት ጓዶችን አንዱን ከሌላው ኋላ ማቆም ለጠላት ስጦታ መስጠት ነው።

ታወር ደንጀንን ሲገጥም ቴታንና ብላክ ድራጎን የጥንት ጠላቶች በመሆናቸው እርስ በርስ 50 በመቶ ተጨማሪ ጉዳት ያደርሳሉ። ቴታን 300 የሕይወት ነጥብ ያለውና በቅርብም ሙሉ ኃይሉን የሚያወርድ ተኳሽ ስለሆነ፣ ድራጎኑ ቢደርስበትም አይደነግጥም። ታወርን የሚያጠቃ ማንኛውም ሌላ ጎራ ግን ታክቲክስ የተባለውን ክህሎት ቢይዝ ይጠቀማል፤ ከውጊያው በፊት ጓዶቹን ወደ ተኳሾቹ አስጠግቶ ማሰለፍ ያስችለዋልና። ሁለቱም ጀግኖች ክህሎቱ ካላቸው የሚቆጠረው የደረጃቸው ልዩነት ነው።

ስትሮንግሆልድና ፎርትረስ

የሁለቱ ግጥሚያ የጉዳት ስሌቱን ለሚያውቅ ሰው ይበልጥ ግልጽ ነው። የአጥቂው የማጥቃት ነጥብ ከተጠቂው መከላከያ ሲበልጥ በእያንዳንዱ ነጥብ ጉዳቱ 5 በመቶ ይጨምራል፤ መከላከያው ሲበልጥ ደግሞ በነጥብ 2.5 በመቶ ይቀንሳል። የፎርትረስ ኃይል ያለው በመከላከያው ነው፤ የኬኦስ ሃይድራ መከላከያ 20 ነው። ኤንሸንት ቢሂመዝ ማጥቃቱ 19 ስለሆነ ሲታይ የሚሸነፍ ይመስላል፤ ነገር ግን የተጠቂውን መከላከያ 80 በመቶ ስለሚሽር፣ የጀግኖቹ ነጥብ ሳይታሰብ፣ የሃይድራው መከላከያ 4 ብቻ ሆኖ ይቀርና ጉዳቱ በ75 በመቶ ያድጋል። ስትሮንግሆልድ የያዘ ተጫዋች ቢሂመዞቹን በሃይድራ ላይ መላክ፣ ከጎርገኖች ግን ማራቅ አለበት፤ የማይቲ ጎርገን ገዳይ እይታ የተጠቂውን የሕይወት ነጥብ ሳይመለከት አንድ ሙሉ ተዋጊ ሊገድል ስለሚችል፣ ውድ የሆነ ተዋጊ ለእሱ አይቀርብም። ጎርገንን በሳይክሎፕስና በኦርኮች ከርቀት መጨረስ፣ ካልሆነም ርካሽ ጎብሊኖችን ማስቀደም ይሻላል።

ተዋጊ በአንድ ዙር አጸፋ የሚመልሰው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ይኸው የጎብሊን ዘዴ ከማንኛውም ጎራ ጋር ይሠራል፤ አንድ ጎብሊን ብቻ ያለበት ጓድ አስቀድሞ ተልኮ አጸፋውን ሲቀበል፣ ቢሂመዙ ከኋላው ደርሶ ያለ ምላሽ ይመታል። ሮያል ግሪፈን ግን አጸፋው ስለማያልቅ በካስል ላይ ይህን የሚሞክር ተጫዋች ጎብሊኑንም ቢሂመዙንም ያስመታል።

ራምፓርት

ራምፓርት በድግምት ለሚዋጉ ጎራዎች የማይመች ባላጋራ ነው። ባትል ድዋርፍ የተወረወረበትን ድግምት በ40 በመቶ ዕድል ይቋቋማል፤ ሲልቨር ፔጋሰስ በሜዳው ላይ እስካለ የጠላት ድግምት ሁሉ ሁለት ተጨማሪ የአስማት ነጥብ ያስከፍላል። በዚህ ምክንያት በእሱ ላይ የሚዘምት የደንጀን ወይም የታወር ጠንቋይ በመጀመሪያው ዙር ፔጋሰሶቹን አስወግዶ፣ ቀጥሎ በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ ወደሚተኩሱት ግራንድ ኤልፎች መዞር ይኖርበታል። ደንድሮይዶቹ ግን ቀርፋፎች በመሆናቸው እስከ መጨረሻው ቢተዉ ጉዳት የለውም፤ የያዙትን ጓድ ስለማይለቁ ብቻ በአጠገባቸው የሚያልፍ ፈጣን ተዋጊ እንዳይጠጋቸው መጠንቀቅ ይበቃል።