ዶንግል ሊኑክስ ላይ አልሠራም ሲል፦ ችግርና መፍትሔ

ዶንግል ያልነው ሲም የሚገባበትን የዩኤስቢ ኢንተርኔት ሞደም ነው። ሲሙ ሂሳብ እንዳለው፣ ፒን እንዳይጠይቅ እንደተደረገ፣ ስልክ ላይ ዳታ እንደሚሠራ አይታችኋል ብለን እንለፍ።

ምልክት፦ ሲሰካ ሲዲ ሆኖ ይመጣል፣ ሞደም የለም።
ዶንግሉ የዊንዶውስ ድራይቨሩን በሆዱ ይዞ ስለሚዞር መጀመሪያ ሲዲ መስሎ ነው የሚቀርበው። ኤልኤስዩኤስቢ (የተሰኩ የዩኤስቢ ዕቃዎችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ) ስትሉ ሁዋዌ ኢ3372 በመለያ ቁጥር 12ዲ1:1ኤፍ01 ከታየ ገና አልተቀየረም። ከሲዲ ወደ ሞደም የሚቀይረውን ፕሮግራም፣ ዩኤስቢ-ሞድስዊችን ጫኑ፣ ነቅላችሁ ሰኩ፣ ግማሽ ደቂቃ ታገሡ። ኦፕንደብሊውአርቲ (ራውተር ላይ የሚጫነው ሊኑክስ) ላይ ድራይቨሮቹም ለብቻ ይጫናሉ፤ ፓኬጆቹን አስቀድማችሁ በፍላሽ ያዙ።

ምልክት፦ ተቀይሯል፣ ሞደም ማናጀር (ሊኑክስ ላይ ሞደም የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ግን አያየውም።
ቁጥሩ 12ዲ1:14ዲሲ ከሆነ ሊኑክስ የሚያየው ሞደም ሳይሆን የኔትወርክ ካርድ ነው። ቲቲዋይ-ዩኤስቢ (ሊኑክስ ለሞደም የሚሰጠው የፖርት ስም) ስትፈልጉ አትዋሉ፤ ኤፒኤኑም (የኦፕሬተሩ ኢንተርኔት መግቢያ ስም) የሚሞላው በብራውዘር 192.168.8.1 ተከፍቶ ነው። ቤት ያለው ራውተርም 192.168.8 ላይ ከሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ የራውተሩን ወደ 192.168.20 አዙሩት።

ምልክት፦ ይገናኛል፣ ዳውንሎድ ሲጀመር ይጠፋል፣ ከደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይመጣል።
ለጥገና ከሚመጣው አብዛኛው ይኸው ነው፤ ባለቤቱም ሁሌ «ሊኑክስ አይደግፈውም» ይላል። ሊኑክስማ ደግፎታል፣ ያልደገፈው ኤክስቴንሽኑ፣ የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመዱ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ የድንጋዩ ግንብ ወፍራም ስለሆነ ሲግናል ውስጥ ድረስ አይዘልቅም፤ ድሬዳዋ ደግሞ ቆርቆሮው ያግደዋል። ሰው 3 ሜትር ኤክስቴንሽን ገዝቶ ዶንግሉን መስኮት ላይ ያስረዋል። ሲግናሉ በእርግጥ ይጨምራል፤ ፓወሩ ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

የኤክስቴንሽኑን ልባስ አንብቡ። 28ኤደብሊውጂ (የሽቦ ውፍረት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል) ብቻ ከተጻፈበት የፓወር ሽቦውም ያው ቀጭኑ ነው፤ አንዱ ሜትር 0.21 ኦም ገደማ ነው። 3 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 6 ሜትር፣ 1.3 ኦም ገደማ ይሆናል። ዶንግሉ ዩኤስቢ 2.0 የሚፈቅደውን 500 ሚሊ አምፔር ሲስብ ከ0.6 ቮልት በላይ ሽቦው ላይ ይቀልጥና ከ5 ቮልቱ 4.4 እንኳ ጫፉ ላይ አይደርስም። ሲግናል ሲደክም ሬዲዮው ጉልበቱን ሁሉ አውጥቶ ስለሚልክ የሚጠፋውም ያኔ ነው፤ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ግን ደህና ይመስላል። ጨርሶ ምንም ያልተጻፈበትን አትግዙ፣ በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ለማረጋገጥ የሊኑክስን መልእክቶች በቀጥታ የሚያሳየውን ትእዛዝ፣ ዲሜሴጅ -ደብሊው ከፍታችሁ ትልቅ ፋይል አውርዱ። በጠፋ ቁጥር «ዩኤስቢ ዲስኮኔክት»፣ ቀጥሎም ኤረር -71 ወይም -110 ከመጣ ድራይቨር መቀያየሩን ተዉት። ዶንግሉን ያለ ኤክስቴንሽን በቀጥታ ሰክታችሁ ያንኑ ፋይል ድገሙ፤ ከጸና ጥፋተኛው ተገኘ። መልቲሜትር 4.8 ቮልት አለ ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ቅጽበታዊውን መውረድ አይይዘውም። ራስበሪ ፓይ (ትንሹ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር) ላይ «አንደር-ቮልቴጅ» የሚል መስመር ከታየ ፓዩን የምታበሩበትን የስልክ ቻርጀር ቀይሩ፤ ፓይ 4 የሚፈልገው 5.1 ቮልት 3 አምፔር ነው።

ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ዩኤስቢውን ማሳጠርና ኔትወርኩን ማስረዘም ነው። ትንሿን ራውተር ወይም ፓዩን ራሱን መስኮቱ ጋ አስቀምጡ፣ ዶንግሉን በቀጥታ ሰኩበት፣ ከዚያ እስከ ኮምፒውተሩ የኢተርኔት ገመድ ዘርጉ፤ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ኤክስቴንሽን ግድ ከሆነ የፓወር ሽቦው 24ኤደብሊውጂ የሆነ፣ ርዝመቱም ከ1.5 ሜትር ያልበለጠ ይሁን። የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብም (የዩኤስቢ ማከፋፈያ) ይሠራል፣ ግን ዶንግሉ የሚሰካው ሃቡ ላይ ነው፤ ሃብ ገዝቶ ከሃቡ ወደ መስኮት እንደገና 3 ሜትር የሚጎትት አለ። አዳፕተር ቀዳዳ ኖሮት ውስጡ ያልተገናኘ ሃብም ገበያ ላይ ሞልቷል። ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ በአዳፕተሩ ብቻ ስልክ ቻርጅ ያደርግ እንደሆነ እዩ።

መስኮት ላይ ያለው ዶንግል ፀሐይ አይምታው። የድሬዳዋ ግንቦት ቀትር ላይ ጥላ ውስጥ ያለውም ይግላል። ላስቲክ አትጠቅልሉበት፣ ቆርቆሮው ላይ አትለጥፉት።

ምልክት፦ ጠፍቶ ሲመለስ ስክሪፕቱ አያገኘውም።
ቲቲዋይ-ዩኤስቢ0 የነበረው 3 ሆኖ ተነሥቷል። በቁጥር አትጥሩት፣ ሲሪያል ማውጫ ውስጥ ባለው ባይ-ፓዝ ስም ጥሩት። ባይ-አይዲ አያስተማምንም፣ ርካሾቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሪያል ይዘው ይመጣሉ።

ምልክት፦ ላፕቶፕ ላይ ዝም ብሎ ሲቆይ ይተኛል።
ፓወር ለመቆጠብ ዕቃውን የሚያስተኛው የዩኤስቢ አውቶሰስፔንድ ነው፤ ለዶንግሉ ብቻ አጥፉት።

ምልክት፦ በድሮ ሲም ይሠራል፣ በሌላ ኦፕሬተር ሲም አይሠራም።
ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ሥራውን ድሬዳዋ ላይ ከጀመረ ወዲህ የመጣ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ኤፒኤኑን አስተካክሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ኢቲሲ ዶት ኮም ነው፣ ለሌላው ሲም አይሆንም። ሞደም ማናጀር «ፒኤች-ኔት-ፐርስ» ካለ ግን ዶንግሉ ለአንድ ኔትወርክ ተቆልፏል፤ ይህን ድራይቨር አይፈታውም። ብዙዎቹ ሁዋዌዎች የተሳሳተ መክፈቻ ኮድ የሚታገሡት 10 ጊዜ ብቻ ነው፣ በግምት አትሞክሩ።